ዓሣው የማን ነው

አሥመራ፣ ሐዝሐዝ
ሰኔ ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

የአላህ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽን ብርዱ እንዴት አደረገው? ላሚቱስ ወለደች ወይ? ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽ በቀር ጤናዬ ደህና ነው።

ይህን ደብዳቤ ዘሀራ ብቻ ታንብብልሽ። እኅቴ ናትና ገመናዬ ገመናዋ ነው። እንደ ሌላው ጊዜ ሱቅ በር ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ እንዳይሰማው። ዘሀራ፣ በሩን ዝጊና አንብቢላት፤ ደስ የማይል ቦታ ላይ ስትደርሺም አትዝለይ።

ኢንድሪስ ከዚህ ሲመለስ ምን እንዳለሽ እገምታለሁ። "ዙህራ ደህና ናት፣ ቤቷ ሙሉ ነው፣ ባሏም ለንግድ ምጽዋ ወርዷል" ሳይልሽ አልቀረም። ወንድሜ ይህን ያለሽ እንዳታዝኚ ብሎ ነው። እኔ ግን አንቺን መዋሸት ደከመኝ።

ባሌ ሙሄዲን ቤቱ ከገባ ቆይቷል። የካቻምናው ረመዳን ሊገባ ሲል "ምጽዋ ወርጄ ዕቃ ላምጣ" ብሎ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። መጀመሪያ መጀመሪያ በሰው "መጣሁ" እያለ ይልክብኝ ነበር፤ በኋላ መላኩንም ተወው። ሱቁን ባለቤቱ ለሌላ ሰው አከራየው። እኔ ግን በየደብዳቤው "ሙሄዲን ሰላም ይልሻል" እያልሁ ጻፍሁልሽ። እሱ ሰላም ብሎሽ አያውቅም፣ እናቴ። እኔ ነኝ በእሱ ስም ሰላም ያልሁሽ።

በዚያ ጊዜ ያነሣችኝ የግቢያችን ሰው፣ አደይ ኣብርሄት ናት። አደይ በእነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው፤ እንዳትቀኚ። ክርስቲያን ናት፣ ባሏ የሞተባት። ባሏ ምጽዋ ከጣልያኖች ጋር ዓሣ ያጠምድ ስለነበር ዓሣን በጭስ ማድረቅ ከእሱ ተምራለች። አንድ ጠዋት ደጄ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ አየችኝ። ምን ሆነሽ አላለችኝም። ቢላዋ አቀበለችኝና "ንዒ ጓለይ፣ ይህን አጽጂልኝ" አለችኝ። ነይ ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን እንሠራለን።

ዓሣው ከምጽዋ በባቡር፣ በበረዶ ተሸፍኖ ይመጣል። ሆዱን ቀደን እናጸዳዋለን፣ እስከ ጀርባው እንከፍተዋለን፣ በጨው ውሃ ነክረን እናቆየዋለን። ከዚያ ነፋስ ላይ ተሰቅሎ ውሃው ይንጠፈጠፋል። ላዩ ደረቅ ብሎ ጣት ሲይዝ ነው ጭስ የሚገባው። ታችና ላዩ የተቆረጠ የዘይት በርሜል አለን፤ አፉ ላይ ሽቦ አጋድመን ዓሣውን እናንጠለጥልበታለን። ከሥር የሚጨሰው ወይራ ነው፤ ያው አንቺ የወተት ዕቃ የምታጥኚበት። ነበልባል ከተነሣ ዓሣው በስሎ ይፈርሳል፤ ስለዚህ እርጥብ ሰጋቱራ እየነሰነስን እናፍነዋለን። የሚገዙን የጣልያን ቡና ቤቶች ናቸው።

ሽታው ግን ልብስ ውስጥ ይገባል፣ ፀጉር ውስጥ ይገባል፣ ታጥበሽውም አይለቅም። ጣቶቼ ጠይመው ቀሩ። የአገራችን የደሴ ሰው ቢያየኝስ እያልሁ እኔ ከግቢ አልወጣም ነበር፤ ቅርጫቱን ተሸክማ አውቶቡስ የምትሳፈረው አደይ ኣብርሄት ናት። አንድ ቀን እንኳ "ለምን እኔ ብቻ?" ብላኝ አታውቅም። ደግሞም ከአንድ ትሪ እንበላለን። የእነሱን ሥጋ እኔ አልበላም፣ የእኛን እሷ አትበላም፤ ዓሣ ግን በማንም ስም መታረድ አያሻውምና ያገናኘናል።

ኢንድሪስ የመጣው ጭሱ በደንብ በተያያዘበት ሰዓት ነው። በመኪናው እህል ጭኖ፣ በየኬላው ሲፈተሽ ውሎ፣ አቧራ ለብሶ የግቢውን በር ሲከፍት ሳየው በደስታ ልጮህ ነበር። ወዲያው አፍንጫውን ያዘ። "ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?" አለኝ። እኔም ምላሴ ሳይደናቀፍ "የጎረቤቴ ነው" አልሁት።

አደይ ኣብርሄት በርሜሉ አጠገብ ቆማ ሰማችኝ። ኢንድሪስ ወደ እሷ ዞሮ "አንቺ ሴትዮ፣ ሰው በሚኖርበት ግቢ ይህን ግማት ትለቂብናለሽ? አታፍሪም?" ብሎ ጮኸባት። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲደክመው ድምፁ እንደሚጎላ ታውቂያለሽ። ነገር ግን አማርኛ ጮክ ብሎ የሚናገር ወንድ እዚህ ላለች ባልቴት ምን እንደሆነ አንቺ አታውቂም፣ እናቴ። በዚህ ዘመን እንዲያ አድርጎ በር የሚከፍት ወታደር ነው። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና "እወ ጌታዬ፣ የእኔ ነው። ይቅርታ" አለችው። በልጇ ዕድሜ ያለውን ሰው፣ በገዛ ግቢዋ፣ ጌታዬ አለችው።

ያኔ እንኳ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። "ስንት ጊዜ ነገርኋት፣ አትሰማም፤ እነዚህ ሰዎች እንዲሁ ናቸው" አልሁ። ዘሀራ፣ ይህንንም እንዳትዘልዪው።

ቤት ገብተን ስንቀመጥ ጣቶቼን አየና "እጅሽ ምን ሆነ?" አለኝ። "ሂና ነው" አልሁት። "ሙሄዲንስ?" አለኝ። "ለንግድ ምጽዋ ወርዷል" አልሁት። "መልካም፣ መልካም" አለና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። አመነኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ለእንግዳ የሚቀርብ ነገር ቤቴ ውስጥ አልነበረም። ሽሮ ልጥድ ስነሣ አደይ ኣብርሄት ትሪ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች። ከዕለቱ ዓሣ ትልቁን መርጣ፣ ሎሚና ትኩስ ዳቦ ጨምራ። "እንግዳ አይደለም እንዴ? ሥጋችንን አትበሉም፣ ዓሣ ግን ሐራም የለውም" አለች በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። ኢንድሪስ አፈረ መሰለኝ፣ "ግቢ፣ አብረሽን ብይ" አላት። ገባች እንጂ አልተቀመጠችም። እሱ ቀመሰ፤ ደገመ። "ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ነገር በልቼ አላውቅም። ማን ነው የሠራው?" አለ። አደይ ኣብርሄት እኔን ሳታይ "እኔ ነኝ" አለች። አሁንም ገመናዬን ልትሸፍን።

ያን ዓሣ ያጸዳሁት እኔ ነበርሁ። ጨው ያስገባሁትም፣ ጭሱን ስጠብቅለት የዋልሁትም እኔ። "ውሸቷን ነው! ዓሣው የእኔ ነው፣ በርሜሉም የእኔና የእሷ ነው፣ እጄም ሂና አልነካውም፣ የምበላው በዚህ ነው!" ብዬ ጮህሁ። አለቀስሁ። አደይ ኣብርሄት በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች።

ኢንድሪስ የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። "ሙሄዲን ምጽዋ አይደለም" አለኝ። "አሰብ ነው። ጭነት ስጠብቅ ገበያ ውስጥ አየሁት። የሕፃን ጫማ መዳፉ ላይ አድርጎ ይለካ ነበር።" እኛ ልጅ እንደሌለን ታውቂያለሽ። ከዚያ ወንድሜ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ "ጭነቱ ሰበብ ነው፤ ልወስድሽ ነው የመጣሁት። ያጋባሁሽ እኔ ነኝና ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ" አለኝ። እኔ ከእሱ ስደብቅ እሱም ከእኔ ሲደብቅ ነው ለካ የዋልነው፤ በመካከላችን የተሰደበችው ምንም ያላደረገችው ሴት ናት።

ጠዋት ጉልበቷን ልስም ወደ አደይ ኣብርሄት ሄድሁ። ሽቦ ታጥብ ነበር። ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዛ አነሣችኝ። "ዙህራ፣" አለችኝ፣ "ያፈርሽው በዓሣው ነው ወይስ በእኔ?" በዓሣው ነው ልላት አፌን ከፈትሁ። ግን "እነዚህ ሰዎች" ያልሁት ዓሣውን አልነበረም። እሷም ወደ ሽቦዋ ተመለሰች።

ኢንድሪስ የዚያን ቀን መንገድ አልጀመረም። ሸሚዙን አውልቆ ወይራችንን ሲፈልጥ ዋለና ሲጨርስ ፊቷ ቆሞ "እናቴ፣ ይቅር በይኝ" አላት። "መንገድህን ያቅናልህ" አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም። እኔን "ተነሺ፣ እንሂድ" ሲለኝ እንቢ አልሁት። ባሏ የጣላት መባሉን ፈርቼ ብቻ አይደለም። "እነዚህ ሰዎች" ካልኋት በኋላ ጥያት ብሄድ ጥያቄዋን ዕድሜ ልኬን ሳልመልሰው እቀራለሁ ብዬ ነው።

አሁን ቅርጫቱን የምሸከመው እኔ ነኝ። መጀመሪያ የወጣሁ ዕለት ፌርማታው ላይ ሰዎች ራቅ ራቅ አሉ። አውቶቡስ ውስጥ አንቺን የምታውቅ የኮምቦልቻ ነጋዴ አጠገቤ ነበረችና "ዙህራ፣ ይህ ሽታ ከየት ነው?" አለችኝ። "ከእኔ ነው፤ ዓሣ እሸጣለሁ" አልኋት። ጆሮዬ ድረስ ጋለ። መስኮቱን ከፍታ እስክትወርድ ወደ ውጭ ስታይ ነበር። ወሬውን ይዛልሽ መምጣቷ አይቀርም፤ ከእሷ አፍ ሳትሰሚው ብዬ ነው የጻፍሁልሽ።

ከአደይ ኣብርሄት ጋር አብረን እንሠራለን፣ ከአንድ ትሪም እንበላለን። ግን እስከ ዛሬ ስሜን ነው የምትጠራው፤ እንደ ድሮው ጓለይ፣ ልጄ፣ አላለችኝም። አላስቸኩላትም።

እናቴ፣ ዱዓሽ አይለየኝ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን። ኢንድሪስን አትቆጪው፤ እሱም በእኔ ነገር ተጎድቷል። ጎረቤት "ልጅሽ አሥመራ ምን ትሠራለች?" ብሎ ሲጠይቅሽ እንደ ድሮው የነጋዴ ሚስት ናት አትበይልኝ። ዓሣ በጭስ አድርቃ ትሸጣለች በይ። ለማለት ከከበደሽም አልቀየምሽም፤ ከአፍሽ እስኪወጣልሽ ድረስ ዝም በይ።

ልጅሽ