በወረቀት የተማሩ ሰዎች

ሰኞ፣ ኅዳር 3

የግድግዳ ጋዜጣችን ዛሬም አልተለጠፈም። በኔ ምክንያት። የጋዜጣው ኃላፊ መ/ር ይልማ የፊተኛውን ገጽ ከሰጡኝ ሳምንት አለፈ። ርዕሱ፦ ባለፈው ክረምት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በወረዳችን ስንት ሰው ማንበብና መጻፍ ቻለ? ቀላል መስሎኝ ነበር። ሁለት ጽ/ቤት ጠየቅሁ፤ ሁለት የማይገናኙ ቁጥሮች ሰጡኝ። አንዱ የሌላው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ሁለቱም ማኅተም አላቸው። የትኛውን ልያዝ ብላቸው መ/ር ይልማ ትልቁን አሉኝ። ለምን? ገጹ ላይ ያምራል አሉ። ለማን እናገራለሁ? ላንች ብቻ፣ ማስታወሻዬ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4፣ ከት/ቤት መልስ

ዘመቻ ጽ/ቤት ነበርኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎም አላየኝ። ቁጥሩ ከየት መጣ? ከየማስተማሪያ ጣቢያው። በየጣቢያው ማን ቆጠረ? አስተማሪዎቹ። እኔም እኮ አስተማሪ ነበርኩ! ክረምቱን ሙሉ፣ ከዚህ የሦስት ሰዓት መንገድ ባለ ገ/ማኅበር፣ በሚያፈስ ጎጆ ውስጥ። የጣቢያዬን ዝርዝር አሳየኝ አልኩት። ምስጢር ነው አለኝ። ድምሩ በአደባባይ በድምፅ ማጉያ ይነገራል፣ ዝርዝሩ ምስጢር! ከበሩ አልነቃነቅ ስል ታከተውና ፋይሉን ወረወረልኝ።

ሠላሳ ሁለት ተማሪ ነበረኝ። ሠላሳ ሁለቱም አልፈዋል ይላል። እኔ የማስታውሰው ዘጠኝ አንባቢ ነው። ከግርጌው ፊርማ አለ። የኔ ፊርማ።

በዚያው ቀን፣ 11 ሰዓት

ፊርማዬን አስመስለው ፈረሙ ብዬ እየተራገምኩ ቤት ገባሁ። ጫማዬን ሳወልቅ ትዝ አለኝ። የመጨረሻው ቀን። ዝናብ። የዘመቻው አስተባባሪ የውጤት ቅጾቹን ይዞ መጣ፤ ወንዙ ሳይሞላ እንሻገር፣ እናንተ ፈርሙ፣ ጽ/ቤት ይሞላል አለን። ፈረምኩ። ባዶ ቅጽ ላይ። ማንም አላስመሰለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ትናንት እጄ ብዕር አልነካም። በጸሐፊው ተናድጃለሁ። በመ/ር ይልማ ተናድጃለሁ። ከሁሉም በራሴ። ቅዳሜ ሄጄ ራሴ እቆጥራለሁ። እናቴ አጨዳ ደርሶ አንች ትዞሪያለሽ አለች። እውነቷን ነው። እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

አሁን ገባሁ። እግሬ ቆስሏል። ሳልረሳው ልጻፈው።

በየአውድማው እየዞርኩ አንድ ገጽ አስነበብኩ። የሳቀ አለ፣ ያፈረ አለ። ከሠላሳ ሁለቱ ያገኘሁት ሃያ አራቱን። የሚያነቡ ሰባት። ከማያነቡት ሁለቱ ክረምት ላይ ያነቡ ነበር፤ ከሄድን ወዲህ የሚነበብ ነገር ስላላገኙ ጠፋባቸው። አይችልም ብዬ የተውኩት አንድ ጎልማሳ ደግሞ ከልጁ ተምሮ ጥርት አድርጎ አነበበልኝ። የኔም ትዝታ የሚታመን አይደለም ማለት ነው።

ከዚያ እማማ ጥሩ። ከኋላ ይቀመጡ የነበሩት ባልቴት። የምስክር ወረቀታቸውን ከሙዳይ አወጡልኝ፤ በጨርቅ ጠቅልለውታል። ስምዎን ያሳዩኝ አልኳቸው። ገልብጠው ያዙት። መስከረም ላይ ለተከታታዩ ትምህርት ሊመዘገቡ ሄደው ነበር። አንች ተምረሻል፣ ለሌላው ተራ ልቀቂ ተብለው ተመለሱ።

ልጃቸው ወታደር ነው፣ ሰሜን ጦር ግንባር። ደብዳቤውን የሚያነብላቸው የገ/ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው።

«ሁልጊዜ ‹ደህና ነኝ ይላል› ይለኛል። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። ደህና ነኝ ለማለት ይኸ ሁሉ ይጻፋል እንዴ፣ ልጄ?»

አነበብኩላቸው። በሐምሌ እግሩን ቆስሏል። ሆስፒታል ተኝቶ ነው የጻፈው። ቁስሉ እየጠገገ ነው፤ ግን አንድ እግሩ እንደ ድሮው አይሆንም። እማማ ጥሩ አላለቀሱም። ‹እናቴ ሆይ› ካለበት ጀምረሽ ድገሚልኝ አሉኝ። ደገምኩ። ከዚያ ማንበብ ትችላለች ብሎ የጻፈብኝ ማን ነው ብለው ጠየቁኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቆሎ ቋጥረው ሰጡኝና ይመሽብሻል፣ ሂጂ አሉኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ጽሑፉን ለመ/ር ይልማ ሰጠሁ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። የአንድ ጣቢያ ቆጠራ ስለ ወረዳው አይናገርም አሉ። ልክ ናቸው። እኔም ስለ ወረዳው አልጻፍኩም፤ ጣቢያዬን፣ የሄድኩበትን ቀን፣ ያላገኘኋቸውን ስምንት ሰዎች፣ ባዶ ቅጽ መፈረሜንም ጭምር ነው የጻፍኩት። ይኸን ስላቸው በሩን ዘጉት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቅጹ ላይ የፈረመው ማን ነው? አንች። የሚጠየቀውም ፈራሚ ነው።»

ልጆች እንዳሏቸው ነገሩኝ። ፈራሁ። መፍራቴ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12፣ ጧት

ሚካኤል ነው፤ ት/ቤት ግን አለ። ጋዜጣው ተለጥፏል። ትልቁ ቁጥር በቀይ ቀለም። ከሥሩ የጸሐፊዋ ስም፦ የኔ። አንድ መስመር ያልጻፍኩበትን! ተማሪው ሁሉ ቆሞ ያነባል። ሰው መካከል ገብቼ ስሜ ያለበትን ቀድጄ ኪሴ ከተትኩት።

ክፍል አልገባሁም። ዛፍ ሥር ተቀምጬ ለዘመቻ ጽ/ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ። ቅጹን ባዶውን እንደፈረምኩ፤ ካገኘኋቸው ሃያ አራት የሚያነቡት ሰባት እንደሆኑ፤ እማማ ጥሩ ካለፉት ዝርዝር ተሰርዘው ለትምህርቱ እንዲመዘገቡ። ማን ቆጠረ ለሚል ስሜን ከነአባቴ። መ/ር ይልማን አላነሳኋቸውም። ልጆች አሏቸው።

ጸሐፊው ሦስት ሰዓት ላይ ይከፍታል። በእጁ እሰጠዋለሁ። ይቀበል፣ አይቀበል፣ ወይም እኔን ይጥሩኝ፣ አላውቅም። ቅዳሜ ግን እማማ ጥሩ ዘንድ እሄዳለሁ። በስማቸው ፊደሎች እንጀምራለን።