የልጄን ተዝካር ለበሉት ፊታውራሪ

ለተከበሩ ፊታውራሪ ዋኘው፣ የወረዳችን ገዥ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። የበቅሎዎን ጤና አልጠይቅም፤ በሟቹ ልጄ መሬት ላይ ስትግጥ ስለማያት፣ ተመስገን፣ ወፍራለች። ይህን ደብዳቤ ከቅዳሴ በኋላ በቁስቋም ደጀ ሰላም የማስነብበው እርስዎን ለማሳፈር ሳይሆን ዓይኔ ስለደከመ ነው።

አንደኛ፤ ሰጠኝ የተባለው ይህ ልጄ ቁልቋል በር ላይ ከጣሊያን ጋር ሲዋጋ እንደወደቀ፣ ጓደኞቹም እዚያው እንደቀበሩት አስረድተንዎት ነበር። እርስዎ ግን መሬቱ ለልጁ ለእንኳየሁ የሚተላለፈው ሟቹ ራሱ ቀርቦ መሞቱን ሲያረጋግጥ ነው ብለው ፈረዱ፤ እስከዚያው በአደራ ለበቅሎዎ ሰጡ። ስለ ጥንቃቄዎ እናመሰግናለን። ችግሩ፣ ሰጠኝ በሕይወት ሳለም እናቱ ለምሳ ስትጠራው ቶሎ የሚመጣ ልጅ አልነበረም።

ሁለተኛ፤ በተዝካሩ ዕለት ከዳሱ ራስጌ የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ። ካህናቱን ቀድመው፣ «ነፍሱን ይማረው፣ ምን ያለ ሸጋ ወታደር ነበር፤ እስቲ ጠላውን ወዲህ በሉ» ሲሉ ዳስ ሙሉ ሰው ሰምቷል። እንግዲህ ልጄ ሞቶ ከሆነ መሬቱ የእንኳየሁ ነው። አልሞተም ከተባለ ግን እርስዎ የቁም ሰው ተዝካር በልተዋል። የነፍስ አባታችን አባ ሐብተ ማርያም ለዚህ የሚሆን ንስሐ አጥተው እስከ ዛሬ መጽሐፍ ያገላብጣሉ። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ይመልሱልን፤ መሬቱን ወይም ለተዝካሩ የታረደውን በሬ። በሬውን ከመረጡ በእግሩ የሚሄድ ይሁን።

ሦስተኛም ነበረኝ፤ ምራቴ ወለላ፣ «አያ፣ ምነው፣ ይኸንስ ይተዉት፣ ያሳስርዎታል» ስላለችኝ ትቼዋለሁ።

ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። እንኳየሁ አባቷ ሲዘምት በእናቷ ሆድ ነበረች። ፍርድዎን ከሰማች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ደጁን ጠርጋ በር ላይ ትቀመጣለች። «ገዥው ከጠሩትማ ይመጣል» ትላለች። በእርስዎ ሥልጣን እንዲህ የሚያምን ሰው በወረዳው ሌላ የለም።

እግርዎ ላይ ልወድቅ ፈልጌ ጉልበቴ የከለከለኝ፣ ስለዚህ በሐሳብ ብቻ የወደቅሁ፣ በእርስዎ ፍርድ ገና የዘገየው፣ በእኛ ዘንድ የሞተው የወታደሩ የሰጠኝ አባት፤

ወልደኢየሱስ፣ ከቁስቋም
ጥቅምት ፲፱፻፵፩ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የሰባት ዓመቱ ተዝካር ለኅዳር ደርሷልና እንደ ልማድዎ ይምጡ። በትእዛዝዎ መሠረት ለሟቹም ከእርስዎ አጠገብ መቀመጫ አዘጋጅተናል። ከቀረ እንኳየሁ ትቀመጥበታለች፤ አባቷ ለምን እንዳልመጣ እርስዎ ይነግሯታል።