የብስኩት ቆርቆሮው

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ ስታይ «ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?» እንደምትል አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ብቅ ስል ብትጠረጥረኝ አልፈርድብህም። የምፈልገው ይቅርታህን ነው።

የተጣላንበትን ምሳ አልረሳሁትም። እኔ፣ የፊልም ኤዲቲንግ አስተማሪዋ፣ ያንን የካውቦይ ፊልም ሠሪ ጣሊያናዊ አፌን ሞልቼ ሳወድስ፣ አንተ ቀስ ብለህ «ልጄ፣ ሰውዬውን አጋነኑት እንጂ ያን ያህል አይደለም። ያንዛዛል» አልክ። እኔም እንግዳ ፊት «ዕድሜህን ሙሉ ሲኒማ ቤት የፊልም ጥቅል ከመቀየር ሌላ ስለ ፊልም ምን ታውቃለህ?» አልኩህ። እማዬ ክው አለች። አንተ ሳህንህን አንስተህ ወደ ጓዳ ገባህ።

ባለፈው ሳምንት፣ በልጅነቴ አንተ ሲኒማ ቤት ያየሁትን የሰውዬውን ፊልም ሙሉ ቅጂ አግኝቼ ለተማሪዎቼ አሳየሁ። «ሁለቱ ሲተያዩ ዓይናችሁን እንዳትጨፍኑ፤ ተኩሱ ያመልጣችኋል!» ብዬ ፎከርኩ። ተያዩ። አሁንም ተያዩ። ዓይን፣ ላብ፣ እንደገና ዓይን። ተኩሱ የውሃ ሽታ ሆነ። ከኋላ አንዱ ሳለ፣ ቀጥሎ ሌላው። ያኔ ነው አንተ የታየኸኝ፤ ፊልም ማጫወቻ ክፍልህ ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጠኸኝ፣ ጆሮህን ወደ አዳራሹ ጥለህ፣ «ሰው ከሳለ ሰልችቶታል ማለት ነው» ስትለኝ።

ቤት ገብቼ በልጅነቴ መጫወቻ ብለህ የሰጠኸኝን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈትኩ። የፊልም ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳኋቸው። ዓይን ብቻ! አባዬ፣ ቆርቆሮ ሙሉ ዓይን። ለካ እነዚህን ቆርጠህ፣ በልጅነቴ ከወንበሬ ያስፈነጠረኝን ተኩስ ያፈጠንከው አንተ ነህ። ሰውዬው ማንሳቱን አሳምሮ አንስቷል፣ አልክድም። ሀያ ዓመት ያደነቅኩት አቆራረጥ ግን ያንተ ነበር።

በዚያ ምሳ ላይ «የቆረጥኩት እኔ ነኝ» ብትል ኖሮ ኩምሽሽ እል ነበር። ለምን ዝም አልክ? ፊልም መቁረጥ ከሥራ ያስባርር ስለነበር ፈርተህ ነው እንዳልል፣ ጡረታ ከወጣህ ስንት ዓመትህ! የማደንቀውን ፊልም ሠሪ እንዳትነጥቀኝ ብለህ ነው። ይህን ሳስብ አለቀስኩ።

እሁድ ከሰዓት ሙሉውን ፊልም ይዤ እመጣለሁ። ማውራት ካላሰኘህ አታውራኝ፤ አጠገቤ ብቻ ተቀመጥ። መቆረጥ ያለበት ቦታ ላይ ስንደርስ ሳል ሳል አድርግልኝ፣ እኔ እቆርጠዋለሁ።

ልጅህና ተማሪህ