ያልወደቀው ልጅ

ኅዳር 9

ወንድምሽ ዛሬ አርባ ዓመት ሞላው።

ልጄ፣ እንደምን ከረማችሁ? አራስነቱ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። ጠዋት አጥቤ፣ በማንኪያ አጉርሼ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩት። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ለአንድ ሰዓት ጠብቂልኝ ብላት፣ «ወጣ ይበሉ ጋሼ፤ እንደ ግድግዳ ሰዓት ተሰቅለው ሊቀሩ ነው» አለችኝ። ከእሷ በቀር የሚያነጋግረኝ የለም። ይህን የምጽፈው ፖስታ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ቁጥሬ 61 ነው፤ እነሱ ገና 38 ላይ ናቸው።

እሑድ ስትደውይ ሕፃኑ ከጀርባሽ ያለቅስ ነበር። ስድስት ሳምንቱ ነው፣ ሲመሽ ያለ ምክንያት ይነጫነጫል አልሽኝ። ባልሽ «ስጪኝ፣ እኔ ዝም አሰኘዋለሁ» ሲል ሰማሁት። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። 

ወንድምሽን ከአልጋ ወድቆ ነው እያልን አሳደግንሽ። አልወደቀም።

ሁለት ወሩ ነበር። እናትሽ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ተረኛ ነበረች። እኔ የሰው ሰዓት ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቻለሁ፤ ወንድምሽ እሷ ከሄደች ጀምሮ ያለቅሳል። ተሸከምኩት፣ ጡጦ ሰጠሁት፣ አንጎራጎርኩለት። እንቢ አለ። እኛ ሰዓት ጠጋኞች የቆመ ሰዓት ሲመጣልን መጀመሪያ ወዝወዝ አድርገን ጆሯችን ላይ እናስጠጋለን። እጄ ያን ለምዷል። በብብቱ ይዤ ወዘወዝኩት። ብዙ ጊዜ አልፈጀም። ዝም አለ። ተኛልኝ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሰዓቱንም ጠግኜ ጨረስኩ።

እናትሽ ስትመጣ ጡት አልይዝ አለ። አስመለሰው፤ እጅ እግሩ ዛለ። ሆስፒታል ስንወስደው ሐኪሙ «ወድቆ ነው?» ሲለኝ አዎ አልኩ። «የራሱ አልጋ ይቆየው፣ እኛ አልጋ ላይ ይተኛ ያልኩት እኔ ነኝ» እያለች እናትሽ ሃያ ስድስት ዓመት ራሷን ወቀሰች። ይህንኑ እያለች ሞተች። አፌን አልከፈትኩም።

ኋላ አንዲት ነርስ ነገረችኝ። የሕፃን አንገት ጭንቅላቱን አይችልም፤ ሲወዘወዝ ከውጭ ምንም ሳይታይ ውስጡ ይደማል።

ባልሽ ክፉ ሰው አይደለም። እኔም አልነበርኩም። ሲመረው ሕፃኑን በጀርባው አስተኝቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይውጣ። ውጭ ቆሞ ይተንፍስ። ያልቅስ፤ ማልቀስ ሕፃን አይገድልም። አንቺም እንደዚሁ። አንዳችሁ እጃችሁ አምልጧችሁ ከወዘወዛችሁት ግን ተኛ ብላችሁ አትተዉት። ሐኪም ቤት ሩጡ፤ የሆነውንም ሳትደብቁ ተናገሩ።

የምጽፈው በስልክ አፌ ስለማይታዘዝልኝ ነው። ፈጣሪ ጩኸቱን የምትችሉበት ሰፊ ትከሻ ይስጣችሁ።

አባትሽ

ደግሞም፦ እዚህ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ ደብዳቤው ስንት ቀን ይፈጃል ብላት «ሦስት ሳምንት፣ ያውም ከፈጠነ» አለችኝ። ልጅሽ ዛሬም ያለቅሳል።

61 እየተጠራ ነው። አልሄድም። ልደውልልሽ ወጣሁ። ባልሽን አጠገብሽ አስቀምጪው እልሻለሁ፤ አፌ እንቢ ካለ ከወረቀቱ አነብላችኋለሁ።