ታንኩ ላይ የተለጠፈው ስም

ክላይቭ፣

ራስል ጠዋት በሞተር ብስክሌቱ ወደ ስኔክ ፓስ ተራራ መንገድ እንደወጣ አልተመለሰም። ጉሙ ከተራራው ወርዶ እኛ ሰፈር ደርሷል። በጎረቤታችን በወይዘሮ ፕራየር መኪና ልንፈልገው ወጥተናል።

እራትህ ምድጃ ውስጥ ነው። ስልኩን ግን አትያዘው፤ ሊደወል ይችላል።

ወንድምህ ጀፍ ከሞተ ወዲህ፣ እሱን የገደለው ዓይነት ዌልበርን ሞተር በዚህ ደጃፍ እንዳያልፍ ብዬ ነበር። ይህንን ሞተር ለልጃችን ስታመጣለት ምን አልከኝ?

"ኧረ ኦድሪ፣ የቤንዚን ታንኩ ላይ ያለውን ስም አንብቢ እንጂ! ሃልስተን ነው! ብርቅ ዕቃ ነው እኮ!"

ሁለታችሁም ሳቃችሁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ዛሬ ሲያስነሳው ኩሽና ሆኜ ሰማሁት። የጀፍ ሞተር ድምፅ ነው። እጄን ሳልጠርግ ሮጬ ብወጣ፣ መታጠፊያውን አልፎ ሄዷል። መለዋወጫ ሻጩ ጋ ደወልኩ።

"እመቤቴ፣ ዌልበርንና ሃልስተን ካንድ ፋብሪካ የወጡ አንድ ሞተር ናቸው። የሚለያዩት በተለጠፈባቸው ስም ብቻ ነው" አለኝ።

አንተ ዕድሜህን ሙሉ ሞተር ስትፈታ የኖርክ ሰው ነህ፣ ክላይቭ።

ልጁን እንደምትወደው አውቃለሁ። ወለሉ ላይ የተሰበረው ያንተ ኩባያ ነው። ለኩባያው ይቅርታ።

ራስል ቀድሞኝ ከመጣ እርጥብ ልብሱን አስወልቀው። ምንም እንዳትነግረው፤ እኔ እነግረዋለሁ።

ፖሊስ ደውሎ "ሞተሩ ምን የሚባል ነው?" ካለህ ግን፣ አሁንስ እውነተኛ ስሙን ንገራቸው።

ኦድሪ