ከድልድዩ ማዶ ያለው ቤት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትሽን እጠይቃለሁ። እንቅልፍሽስ? ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣብሽ ያ ሳልስ እንዴት ነው? «እኛ ደኅና ነን» የሚለውን ቃል በልማዱ ቦታ ፈልገሽ ብታጪው አትደንግጪ፤ ልጆችሽ ደኅና ናቸው። የእኔን ነገር ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ ልጆቹ ቤት ታፍነው እንዳይውሉ ወዴት ወዴት እንደምወስዳቸው ጠይቀሽኝ ነበር። ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ፣ ባልሽ ካረፈና አንቺም ለእንጀራሽ ከራቅሽ ወዲህ በስተርጅና ሞግዚት ስሆን፣ የከበደኝ ማጉረሱም ማጠቡም አልነበረም። ከቁርስ እስከ ምሳ ያለው ጊዜ ነው። ሕፃን ያለበት ቤት ጠዋቱ አያልቅም። ስለዚህ በየቀኑ አንድ መሄጃ መፈለግ ነበረብኝ፤ ለሦስት ዓመት እግር የማይርቅ፣ የስድስት ዓመት አእምሮ የማይሰለቸው።

ዝናብ ሲሆን ወደ አናጺው እንሄዳለን። ትንሹ፣ እኛ ሚጢጢ የምንለው፣ ከመላጊያው ሥር እየተጠቀለለ የሚወድቀውን ፍቅፋቂ «የእንጨት ፀጉር» ብሎ ሰይሞታል፤ ኪሱን ሞልቶ ካልተመለሰ ያለቅሳል። ፀሐይ ስትወጣ ወደ እሳት አደጋ ጣቢያ ነው። ትልቋን ደግሞ ዳኛዋ ብለናታል፤ ከእኔና ከሚጢጢ ጠብ ሳትፈርድ የምታልፈው የለምና። የጣቢያው ሾፌር ባየን ቁጥር ለእሷ፣ «ዛሬም ሁለቱን ልጆችሽን ይዘሽ መጣሽ?» ይላታል። እኔንም ቆጥሮ መሆኑ ነው። አብረን እንሥቅ ነበር።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን አውቶቡስ ነው። ከመነሻው ተሳፍረን፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ መጨረሻው ፌርማታ ደርሰን መመለስ። እንዳይጠፉብኝ ብዬም አድራሻችንን ለዳኛዋ በግጥም አስጠናኋት። ቁጥር ይረሳል፣ ቤት የሚመታ ነገር ግን አይረሳም ብዬ።

ከድልድዩ ማዶ፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን፣
ሰማያዊ በር ነው ቤታችን የሚሆን።

አሁን ስታነቢው ምን እንደሆነ ገብቶሻል። ልጄ፣ እኔ ግን ግጥሙን ስሠራው አልገባኝም፤ ከሠራሁትም በኋላ አልገባኝም።

ባለፈው ሳምንት መጨረሻው ፌርማታ ላይ ስንወርድ የመጣንበትን አውቶቡስ ቁጥር ረሳሁት። ይህስ በማንም ይደርሳል። ቀጥሎ ግን የሰፈራችን ስም ጠፋኝ። ሚጢጢ ሽንቴ መጣ ይላል፤ ዝናቡ ጀምሯል። ተቆጣጣሪው መጥቶ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀኝ። ይኼኔ ዳኛዋ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፣ አንድ ቃል ሳታዛንፍ ግጥሟን አለችለት። እሱም እንዲህ ያለች ልጅ አይቼ አላውቅም ብሎ አመስግኗት፣ ወደ ድልድዩ ከሚሄድ ሾፌር ጋር አሳፈረን።

በዚያ ሰዓት ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅሽም። ወንዙን አወቅሁት። የሰዓት ሠሪውን ሱቅ አወቅሁት። በሩ ግን ግራጫ ሆኗል፤ ማን ሳያስፈቅደኝ ቀባው ብዬ ተቆጣሁ። አንኳኳሁ። ጨቅላ የታቀፈች ሴት ከፍታ ማንን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ።

«እኔ ነኝ፤ ቁልፍ ረስቼ ነው» አልኳት።

አንቺ በተወለድሽበት ቤት ደጃፍ ላይ፣ ልጆችሽን ግራና ቀኝ ይዤ።

ሴትዮዋ ፈርታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ሰዓት ሠሪው አሁንም በሕይወት አለ፤ ጺሙ ብቻ ነጥቷል። ከሱቁ ወጥቶ ትከሻዬን ያዘና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ባለቤትዎ ያረፉ ጊዜ ሸጠውት የለም እንዴ?» አለኝ።

ለካ የአንድ ሰው መርዶ ሁለት ጊዜ ይሰማል። የመጀመሪያውን ስሰማ ወዳጅ ዘመድ ደግፎኝ ነበር። ሁለተኛውን መንገድ ላይ፣ ሚጢጢ እያየኝ ሰማሁት።

ዳኛዋ እጄን ሳበች። «አባባ፣ ና እንሂድ፤ ጨዋታው አለቀ» አለችኝ። ከዚያም ትልቁ ዳቦ ቤት በየት በኩል እንደሆነ ሰዓት ሠሪውን ጠይቃ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ እስካለው ፎቃችን ድረስ መራችን። ደረጃው ላይ፣ ቤታችን ሌላ መሆኑን እያወቅሽ ለምን ያንን አልሽ ብዬ ጠየቅኋት። ዘፈን መስሏት እንደነበር ነገረችኝ። «በኋላ አንተ ቤቴ ነው ስትል ግን አመንኩህ» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንውጣ ብላ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ለሚጢጢ ውጭው ብርድ ነው ትለዋለች፤ ፀሐዩ በመስኮት እየገባ። ወንበሮቹን በተርታ ደርድራ አውቶቡስ ትሠራለች። ሾፌሯ እሷ ናት፤ እኔን ከኋላዋ ታስቀምጠኛለች፣ ዘወር እያለችም ታየኛለች። የቤቱን ቁልፍ በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። ምንድን ነው ስላት ጌጥ ነው አለችኝ። ያምርብሻል አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ያለኝን አልጽፍልሽም፤ ስትመጪ ከራሱ አፍ ትሰሚዋለሽ። ያንን ሥራ ለማግኘት ስንት ደጅ እንደጠናሽ አውቃለሁ። ጎረቤቶችም፣ ልጆቹን ከወሰድሽበት ሽማግሌው አይከርምም ይሉሽ ይሆናል። እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ነይና ውሰጃቸው። ስድስት ዓመት ለዚህ ዘበኝነት ያንሳል።

እግርሽን ከዕንቅፋት፣ ልብሽን ከጸጸት ይጠብቅልኝ። ልጆችሽ ጧሪ ይሁኑሽ፤ ጊዜው ሳይደርስ ግን አይሁን። በስተርጅናሽም በስምሽ የሚጠራሽ ሰው አይጥፋ።

ደግሞ ስትመጪ፣ ምናልባት በእናትሽ ስም ብጠራሽ፣ ልጆቹ ፊት አታርሚኝ። አቤት በይኝ።

አባትሽ