ፓርትነር ማለት

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ አልታየሽ፣ እንዴት ነሽልኝ፣ ልጆቹስ አደጉ፣ የእማዬ ደም ግፊትስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፣ የሰፈራችን የኪልበርን ብርድ ነው እንጂ ምንም አልጎደለብኝም።

ባሌ ኃይለልዑል ፍርድ ቤት ዳኛውን የሚረዳበት ሥራ አለቀና አሁን የጠበቃ ቢሮዎች ጋ አፕላይ እያደረገ ነው፣ አብራው ዳኛው ጋ የሠራች ብሩክታዊት የምትባል እዚህ ያደገች ልጅም እንደሱ ሥራ ትፈልጋለች፣ እኛ ቤት እየመጣች ኢንተርቪው ይለማመዳሉ፣ እሷን ብሩኬ ነው የሚላት፣ እኔን "ስሚ" ነው የሚለኝ፣ እንግሊዝኛቸው ይፈጥንብኛል፣ ብቻ ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ።

ትናንት "ፓርትነር፣ ፓርትነር" ሲባባሉ ሰማሁና ምንድነው አልኩት።

"የጠበቃ ቢሮ አለቃ ማለት ነው፣ ማታ እራት ጋብዘውናል" አለኝ።

እሺ አልኩ፣ ግን እኮ እትዬ፣ ጂፒ የሚሉት ሐኪም ቤት ስንመዘገብ "ፓርትነሩ ነሽ?" ሲሉኝ "የስ በዪ፣ ሚስቱ ማለታቸው ነው" ብሎ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው።

"ታዲያ እኔም ልምጣ?" ስለው "አንቺ ደግሞ ምን ልትያቸው ነው?" ብሎ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ሸሚዙን ተኮስኩለት፣ አብረው ወጡ። ቀይ ቀሚስ ነው የለበሰችው፣ ያምርባታል፣ ምን እዋሽሻለሁ።

ቪዛዬ መቼም በሱ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

እትዬ፣ ለበዓል ሲደውልላችሁ እኔን ምን ብሎ ነው የሚያነሳኝ? ባለቤቴ ይላል? እንዲሁ ነው የጠየቅኩሽ፣ ለእማዬ እንዳታነሺባት። ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ልጆቹን በየተራ እቅፍ አድርጊልኝ።

እህትሽ ጸዳለ፣
የኃይለልዑል ባለቤት